ኢንተርፌስ ሲመረጥ ጀርባው ይታይ፦ ጊታርን በቤት ውስጥ ሪአምፕ ለማድረግ

እንደምን ዋላችሁ! ከኋላ የተቀመጣችሁ ድምፄ ይደርሳችኋል? ጥሩ፣ እንግዲያው እንጀምር። ስለተገኛችሁ አመሰግናለሁ። ሰዓቱ አጭር ስለሆነ መግቢያ አላበዛም። የዛሬው ጉዳያችን የተቀዳ ጊታርን በቤት ውስጥ ሪአምፕ ለማድረግ፣ ኪስ ሳይጎዳ የሚገዛ ኢንተርፌስ እንዴት ይመረጣል የሚል ነው። ኢንተርፌስ የምለው ድምፅን ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባውንና ከኮምፒውተር የሚያስወጣውን ሳጥን ነው።

ነገሩ አዲስ ለሆነባችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ። ጊታሩ ያለ አምፕ በቀጥታ ወደ ኢንተርፌሱ ተሰክቶ ይቀዳል። የሚገኘው ጥሬ ድምፅ ነው፤ ቀጭን፣ ደረቅ፣ ለብቻው ሲሰማ የማይጥም። ዲ.አይ. የምንለው እሱን ነው። በማግስቱ ወይም በወሩ ያ ጥሬ ቅጂ ከኮምፒውተሩ ወጥቶ ወደ እውነተኛ አምፕ ይላካል። አምፑ በሌላው ጫፍ ጊታሪስት የቆመ ይመስለዋል። ከስፒከሩ የሚወጣው ድምፅ በማይክ ተይዞ በአዲስ ትራክ ይቀዳል። የአምፑን ማዞሪያዎች ሃያ ጊዜ ብትቀያይሩ ጊታሪስቱ ሃያ ጊዜ አይደክምም። ለዚህ የሚሆነውን ትንሽ ሳጥን በ1990ዎቹ፣ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ ጆን ኩኒበርቲ የተባለ የቀረጻ ባለሙያ «ሪአምፕ» ብሎ ለገበያ አቀረበው፤ ስሙም የሥራው መጠሪያ ሆኖ ቀረ።

አሁን እስቲ ልጠይቃችሁ። ኢንተርፌስ ልትገዙ ስትነሱ መጀመሪያ የምታዩት የቱን ነው? ፊቱን አይደለም እንዴ? ስንት ማይክ ይቀበላል፣ መብራቱ ያምራል ወይ፣ የናሙና ፍጥነቱ 192 ኪሎ ኸርዝ ነው የሚል ጽሑፍ አለው ወይ? ለሪአምፕ ከሆነ አዙሩት። ጀርባውን እዩ! የመውጫ ቀዳዳዎቹ ያሉት እዚያ ነው፤ ዲ.አይ.ው ወደ አምፑ የሚሄደውም በእነሱ በኩል ነው።

ገንዘብ ሊፈስባቸው የማይገባቸውን ቶሎ ላንሳና ልለፍ። 192 ኪሎ ኸርዝ ለዚህ ሥራ አያስፈልግም። የጊታር ስፒከር ከ5 ወይም ከ6 ኪሎ ኸርዝ በላይ ያለውን ድምፅ በፍጥነት ይጥለዋል፤ 48 ኪሎ ኸርዝ በ24 ቢት ከበቂ በላይ ነው። በጣም ጸጥተኛ የማይክ ፕሪአምፕ የሚለው ማስታወቂያም እንደዚሁ። ኤስኤም57ን የመሰለ ዳይናሚክ ማይክ ከስፒከሩ ጨርቅ በ2 ወይም 3 ሴንቲሜትር ርቀት ላይ ሲቆም ከ40 ዲቢ (ዴሲቤል) የበለጠ ጌን፣ ማለትም ማጉላት፣ እምብዛም አይጠይቅም፤ አብዛኛው ርካሽ ኢንተርፌስ ደግሞ 50 ዲቢ አካባቢ አለው። ለሹክሹክታ ቀረጻ የሚያስጨንቀው ነገር ለሚጮህ አምፕ አያስጨንቅም።

እንግዲህ የምንፈትሸው ሦስት ነገር ነው፦ መውጫው፣ የጊታር መግቢያው፣ እና በዝርዝር ወረቀቱ ላይ ያሉ ሁለት ቁጥሮች። እኩል ጊዜ አልሰጣቸውም፤ መውጫው ይብሳል።

አንደኛ፣ መውጫው። ርካሽ ኢንተርፌሶች ባብዛኛው ሁለት መውጫ ብቻ ነው ያላቸው። ሁለቱም በሞኒተር ስፒከሮቻችሁ ተይዘዋል። ታዲያ ዲ.አይ.ው በየት ይውጣ? ስለዚህ የምትፈልጉት አራት መውጫ ያለው ነው፤ 1 እና 2 ለሞኒተር፣ 3 ወደ አምፑ፣ 4 ደግሞ ትርፍ። ከዋጋው ዝቅተኛ መደብ ብዙም ሳይርቁ ይህን የሚያሟሉ አሉ፤ ፎከስራይት ስካርሌት 4አይ4፣ ሞቱ ኤም4፣ ኦዲየንት አይዲ14 ኤምኬ2፣ ቤሪንገር ዩኤምሲ404ኤችዲ። የእነዚህ የመውጫ ጃኮች ቲ.አር.ኤስ. ናቸው፤ ማለትም ባላንስድ ኬብል፣ ድምፁን በሁለት ሽቦ ተቃራኒ አድርጎ የሚወስደውን፣ ይቀበላሉ።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። «አራት መውጫ» ተብሎ ሲጻፍ አንዳንዴ 3 እና 4 የተባሉት የ1 እና የ2 ግልባጭ ናቸው፤ አንዳንዴም ሄድፎኑን ቆጥረውት ነው። ጥያቄያችሁ ይህ ይሁን፦ ከሶፍትዌሩ ወደ መውጫ 3 ብቻውን ሌላ ድምፅ መላክ ይቻላል ወይ? መልሱ በመመሪያው መጽሐፍ ውስጥ ባለው የሲግናል መንገድ ሥዕል ላይ አለ። ካልተቻለ ጃኩ ቢበዛ ምን ይሠራል?

ሁለተኛው ወጥመድ ትልቁ ማዞሪያ ነው። ሁለት መውጫ ባላቸው ኢንተርፌሶች ላይ የሞኒተር ማዞሪያው የመውጫውን ኃይል በሙሉ ይቆጣጠራል። እስቲ አስቡት፤ አምፑ በደንብ ተስተካክሏል፣ ዲስቶርሽኑ በልክ ሆኗል፣ ግማሽ ዘፈን ሪአምፕ ሆኗል። አንድ ሰው ገብቶ «ትንሽ ጮኸብኝ» ብሎ ማዞሪያውን ሲነካው አምፑ የሚደርሰው ኃይል ይቀንሳል፤ ዲስቶርሽኑ ይሳሳል። ቀሪው ግማሽ ከመጀመሪያው ጋር አይገጥምም። 3 እና 4 ባላቸው ላይ ግን ማዞሪያው ባብዛኛው 1 እና 2ን ብቻ ነው የሚነካው። ለእኔ ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል የሚገባው ለዚህ ነው፤ ለመብራቱ አይደለም።

«ያለኝ ሁለት መውጫ ያለው ነው፣ አዲስ አልገዛም» የምትሉ አላችሁ። አትግዙ! መላ አለው። የሞኒተር ስፒከሮቹን ነቅላችሁ በሄድፎን አዳምጡ። ዲ.አይ.ውን ሙሉ ለሙሉ ወደ ቀኝ፣ የቀረውን ሙዚቃ ሁሉ ሙሉ ለሙሉ ወደ ግራ አድርጉ። መውጫ 2 ወደ አምፑ ይሄዳል። በግራ ጆሯችሁ ሙዚቃው በሞኖ ይሰማል፣ በቀኙ ጥሬው ጊታር። ምቾት የለውም፤ ግን ይሠራል። ማዞሪያውን አንድ ቦታ አድርጋችሁ በፕላስተር እሰሩት።

ከሄድፎን ቀዳዳ ለመላክ ያሰባችሁም ትኖራላችሁ። በዚህ ብዙ ሰው ግራ ይጋባል። የሄድፎን ጃክና የባላንስድ ጃክ ሲያዩአቸው መንታ ናቸው፤ ሁለቱም ባለ ሦስት ክፍል ቲ.አር.ኤስ. ናቸው። ውስጣቸው ግን ለየቅል ነው። በሄድፎኑ ጫፉ ግራ፣ ቀለበቱ ቀኝ ነው። ባላንስድ መግቢያ ግን ጫፉ ላይ ካለው ቀለበቱ ላይ ያለውን ቀንሶ ልዩነቱን ነው የሚወስደው። ዲ.አይ.ው መሐል ላይ ከሆነ ግራና ቀኙ እኩል ናቸው፤ እኩል ከእኩል ሲቀነስ? ዜሮ! ሜትሩ ይዘላል፣ ኬብሉ ደህና ነው፣ አምፑ ጸጥ ይላል። ሰው ኬብል ሲቀያይር ያመሻል። መፍትሔው ዲ.አይ.ውን ሙሉ ለሙሉ ወደ ግራ አድርጎ ቀኙን ባዶ መተው ነው። ተራውን ባለ ሁለት ክፍል የጊታር ኬብል እዚያ መሰካት ደግሞ የቀኙን ቻናል ከግራውንድ ጋር ያገናኘዋልና ተዉት።

ሁለተኛ፣ የጊታር መግቢያው። አጠገቡ የጊታር ምልክት ወይም «ኢንስት» የሚል ቁልፍ ያለበት ነው። የመግቢያው ኢምፔዳንስ፣ ማለትም ለሚመጣው የኤሌክትሪክ ምልክት የሚያሳየው ተቃውሞ፣ 1 ሜጋ ኦም አካባቢ መሆን አለበት፤ የአብዛኛው የጊታር አምፕ መግቢያም እሱ ነው። የላይን መግቢያ ከዚህ በጣም ያንሳል፤ 10 ኪሎ ኦም የሆነ አለ፣ 60 የሆነም አለ። ፒክአፕ ማለት በማግኔት ላይ የተጠመጠመ ረጅም ቀጭን ሽቦ ነው፤ ዝቅተኛ ኢምፔዳንስ ሲጫነው መጀመሪያ የሚሸሸው የላይኛው ድምፅ ነው። ቁልፉን መጫን ረስታችሁ ብትቀዱ ጊታሩ ብርድ ልብስ የለበሰ ይመስላል። በኋላ በኢኩዋላይዘር ላንሳው ብትሉ ከፍ የሚለው ሹሽታው ነው። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።

ከጊታሩ እስከ ኢንተርፌሱ ያለው ኬብልም የድምፁ አካል ነው። በሜትር 100 ፒኮ ፋራድ ገደማ ይጨምራል፤ በረዘመ ቁጥር ላይኛው ድምፅ ይለሰልሳል። ስለዚህ ወደ አምፕ ስትጫወቱ የምትጠቀሙበትን ርዝመት ያክል ተጠቀሙ። ከሪአምፕ ሳጥኑ ወደ አምፑ በሚሄደው ኬብል ላይ ግን ብዙ አትጨነቁ፤ የአብዛኛው ሳጥን የመውጫ ኢምፔዳንስ ዝቅ ያለ ስለሆነ ያን ያህል አይጎዳውም።

ፈዝ ፔዳል የምትወዱ ስሙኝ። አሮጌው ዓይነት ፈዝ መግቢያው ዝቅተኛ ኢምፔዳንስ ስለሆነ ከፒክአፑ ጋር በቀጥታ ይነጋገራል፤ የጊታሩን ቮልዩም ዝቅ ስታደርጉ የሚጠራው በዚያ ምክንያት ነው። በሪአምፕ ሲላክ ፒክአፑ በቦታው የለም፤ ድምፁ ይሻክራል። እንዲህ ያለውን ፔዳል ለሪአምፕ አታቆዩት፤ ከጊታሩ ጋር አብሮ ይቀዳ።

ሦስተኛ፣ ሁለቱ ቁጥሮች። እዚህ ብዙ ሰው ያዛጋል፤ እናንተ ግን ትንሽ ታገሡኝ፣ ምክንያቱም ርካሹን ከውድ እኩል የሚያሠራው ይህ ነው።

በዝርዝር ወረቀቱ ላይ የኢንስትሩመንት መግቢያውን ከፍተኛ የመቀበል አቅም ፈልጉ። በዲቢዩ ይጻፋል፤ 0 ዲቢዩ 0.775 ቮልት ነው። ሲንግል ኮይል (ባለ አንድ ጥምጥም) ፒክአፕ በተለመደ አጨዋወት ከ1 ቮልት በታች ይንቀሳቀሳል፤ ኃይለኛ ሃምበከር (ባለ ሁለት ጥምጥሙ) ግን ክሩ በኃይል ሲመታ ለቅጽበት ከዚያ አልፎ ይሄዳል። መግቢያው ቢያንስ 10 ዲቢዩ፣ ማለትም 2.45 ቮልት ከተሸከመ አትሰጉም። ከዚያ በጣም የሚያንስ ከሆነ ጌኑን ዜሮ ላይ አድርጋችሁም ቀዩ መብራት ይበራል። ዲ.አይ. ላይ የተቆረጠ ድምፅ ደግሞ በምትልኩት አምፕ ሁሉ ተከትሏችሁ ይሄዳል። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

ቀጥሎ የላይን መውጫውን ከፍተኛ ኃይል ፈልጉ። ይህም ከ10 ዲቢዩ በላይ ቢሆን ደስ ይለናል። ምሳሌ ላምጣ፤ የሦስተኛው ትውልድ ስካርሌት 2አይ2 የኢንስትሩመንት መግቢያው 12.5 ዲቢዩ፣ መውጫው 15.5 ዲቢዩ ነው። ምን ማለት ነው? በዝቅተኛ ጌን የተቀዳ ዲ.አይ. ፌደሩ፣ ማለትም የትራኩ የድምፅ ማንሻና ማውረጃ፣ ዜሮ ላይ ሆኖ፣ የመውጫው ማዞሪያም ሙሉ ሆኖ ሲወጣ ከጊታሩ በ3 ዲቢ በልጦ ይወጣል። ስትቀዱ 10 ዲቢ ጌን ጨምራችሁ ከነበረ ደግሞ በ13 ይበልጣል። አምፑ ከጊታር የሚጠብቀውን አላገኘም፤ ከአቅሙ በላይ ተገፋ። «ሪአምፕ ሁልጊዜ ድምፁን ያበላሸዋል» የሚሉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ይህንን ነው የሰሙት።

ለዚህ ነው ስትቀዱ ጌኑን እስከ መጨረሻው ወደ ግራ አዙራችሁ ቅዱ የምለው። ሜትሩ ትንሽ ቢመስላችሁ አትደንግጡ፤ በ24 ቢት ጫፉ ከዜሮ 12 ወይም 15 ዲቢ ዝቅ ቢል ምንም አይጎድልበትም። ቁጥር የሌለው ማዞሪያ ደግሞ ከወር በኋላ በትክክል ተመልሶ የሚገኝበት ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ መጨረሻው። ጌኑን በራሱ የሚያስተካክል ኢንተርፌስ ካላችሁ እሱን አጥፉት፤ ወይም የሰጣችሁን ቁጥር በትራኩ ስም ላይ ጻፉ።

አሁን በመሐል ስለሚገባው ሳጥን። ኢንተርፌሱ ባላንስድ፣ ዝቅተኛ ኢምፔዳንስ ያለው፣ ከፍ ያለ ኃይል ይልካል፤ አምፑ የሚጠብቀው ሌላ ነው። ፓሲቭ የሪአምፕ ሳጥን በትራንስፎርመር ኃይሉን ይቀንሳል፣ ወደ አንባላንስድ ይለውጣል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የኮምፒውተሩን ግራውንድ ከአምፑ ግራውንድ ይለያል። ከኢንተርፌሱ ላይ ቆጥባችሁ ሳጥኑን ብትገዙ እመርጣለሁ። የሪአምፕ ሳጥን ከሌላችሁና ፓሲቭ ዲ.አይ. ሳጥን፣ ማለትም ያለ ባትሪ ጊታርን ከማይክ መግቢያ ጋር የሚያገናኝ ሳጥን፣ ካላችሁ ገልብጣችሁ መጠቀም ትችላላችሁ፤ ከኢንተርፌሱ ቲ.አር.ኤስ. ወደ ሳጥኑ ኤክስ ኤል አር፣ ከጊታር መግቢያው ወደ አምፑ። ትራንስፎርመሩ ወደ ኋላ ሲሠራ ኃይሉን በ20 ዲቢ ገደማ ያሳድገዋልና ፌደሩን ከዚያ በላይ አውርዳችሁ ጀምሩ። ባትሪ ወይም ፋንተም (በማይክ ኬብል የሚላክ ኤሌክትሪክ) የሚፈልገው አክቲቭ ዲ.አይ. ግን ሲገለበጥ አይሠራም፤ አትሞክሩት።

ሳጥኑን ከገዛችሁ በኋላ የምትሠሩት የመጀመሪያ ነገር ይህ ይሁን። በሶፍትዌሩ ውስጥ 1 ኪሎ ኸርዝ ሳይን ድምፅ ፍጠሩ፣ ከዜሮ 12 ዲቢ ዝቅ ያለ። በመውጫ 3 ላኩት። በባላንስድ ኬብል ወደ ሳጥኑ ይግባ። ከሳጥኑ በጊታር ኬብል አውጡትና፣ ወደ አምፑ ሳይሆን፣ ወደዚያው ኢንተርፌስ የጊታር መግቢያ መልሱት። የኢንስት ቁልፉ ተጭኖ፣ ጌኑ ዲ.አይ.ው ሲቀዳ በነበረበት ቦታ ሆኖ። አሁን የሳጥኑን ማዞሪያ ቀስ እያላችሁ አዙሩ፤ የመግቢያው ሜትር ከዜሮ 12 ዲቢ ዝቅ ብሎ ሲያነብ ቁሙ። ቁራጭ ፕላስተር ለጥፉ፣ በእስክሪብቶ መስመር አስምሩ። ማዞሪያ የሌለው ሳጥን ከሆነ ፌደሩን ነው የምታወርዱት፤ ቁጥሩን ጻፉ። ከዚህ በኋላ ኬብሉን ነቅላችሁ አምፑ ላይ ስትሰኩት አምፑ የሚያገኘው ቮልቴጅ ጊታሩ ከሰጠው ጋር እኩል ነው። በዲቢዩ ሒሳብ ራሳችሁን ማዞር አያስፈልግም፤ ኬብሉ ራሱ ይነግራችኋል። የዚያን ትራክ የመግቢያ ማዳመጫ ግን አጥፉት፤ ወደ መውጫ 3 የሚሄድ ከሆነ ድምፁ በራሱ ላይ እየዞረ ይጮሃል። በማይክ ስትቀዱም ያው ነው፤ የማይኩ ድምፅ ወደ መውጫ 3 ፈጽሞ አይሂድ።

ወደ እምምምታው እንምጣ። ሪአምፕ ስታደርጉ አምፑ ቢያጉረመርም መጀመሪያ ሙዚቃውን አቁሙት። ጉርምርምታው አብሮ ከቆመ በቅጂው ውስጥ ያለ ነው፤ ሲንግል ኮይሉ ከስክሪን ወይም ከቻርጀር የለቀመው፣ ሳጥን አያድነውም። ካልቆመ ባብዛኛው የግራውንድ ዙር ነው፤ ላፕቶፑ በቻርጀሩ፣ አምፑ በራሱ ሶኬት፣ ሁለቱም ከመሬት ጋር የተያያዙ ናቸው፤ የእናንተ ኬብል ዙሩን ዘጋው። ቻርጀሩን ነቅላችሁ በባትሪ ሞክሩ። በሳጥኑ ላይ ያለውን የግራውንድ ሊፍት ቁልፍ ተጫኑ። ሁለቱንም መሣሪያ ከአንድ ማከፋፈያ ሰክታችሁ እዩ። የአምፑን ፕለግ የመሬት እግር መቁረጥ ወይም በቴፕ መሸፈን ግን አይቻልም! አይቻልም! የአምፑ ብረት ላይ ኤሌክትሪክ ቢመጣ የሚያድናችሁ እሱ ብቻ ነው። የቱቦ አምፕ ያላችሁ ደግሞ ጎረቤት እንዳይረበሽ ብላችሁ ስፒከሩን ነቅላችሁ አታብሩት፤ የመውጫ ትራንስፎርመሩ ይቃጠላል። በስፒከሩ ቦታ የአምፑን ኃይል የሚቀበል ሎድ ቦክስ አለ፣ ለዚያ የተሠራ። የስፒከር መውጫውንም ወደ ኢንተርፌሱ አትሰኩ።

አንድ ነገር ቀረኝ፤ መዘግየት። ድምፁ ከኮምፒውተር ወጥቶ እስኪመለስ ጊዜ ይወስዳል፤ ሶፍትዌሩ ድራይቨሩ በነገረው መጠን ወደ ኋላ ይስበዋል። ርካሽ ድራይቨር አንዳንዴ የተሳሳተ ቁጥር ይናገራል። ምርመራው ቀላል ነው፤ ከዘፈኑ በፊት ባለው ባዶ ቦታ አንድ አጭር «ጧ» አስቀምጡ፣ ከመውጫ 3 ወደ መግቢያ 2 በኬብል መልሱ፣ ቅዱ፣ ሁለቱን ሞገዶች አጉልታችሁ አስተያዩ። በ48 ኪሎ ኸርዝ 48 ሳምፕል 1 ሚሊ ሰከንድ ነው። ልዩነት ካለ ቁጥሩን በሶፍትዌሩ የቀረጻ ማካካሻ ላይ አስገቡ። ሁለት ሪአምፕ ስትደርቡ ድምፁ ከሳሳ ደግሞ የአንዱን ፖላሪቲ (የሞገዱን ላይና ታች) ገልብጡና ስሙ። ዊንዶውስ ላይ ያላችሁ የአምራቹን አሲዮ ድራይቨር ጫኑ፤ በዊንዶውስ የራሱ ድራይቨር መውጫ 3 እና 4 ላይታዩ ይችላሉ፤ ሰው ዕቃው የተበላሸ ይመስለዋል።

ጥያቄ እንዳላችሁ ከፊታችሁ አያለሁ፤ ግን መጀመሪያ በእጅ እንሞክረው። ኢንተርፌሱ ይኸው፣ ሳጥኑ ይኸው፣ ፕላስተርም አምጥቻለሁ። ከፊት ከተቀመጣችሁት አንዳችሁ ኑና የሳጥኑን ማዞሪያ ያዙልኝ። እኔ ሳይኑን እልካለሁ፤ እናንተ ሜትሩን እያያችሁ «ቁም» በሉት።